ሐሙስ ልጄን ወደ ማዕከሉ ይዣት እሄዳለሁ፤ ምን ይጠብቀናል?

ማለዳ_እናት (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው። ዛሬ የምጠይቀው ሰው አጣሁና ወደ እናንተ መጣሁ።

ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ፀጉሯን እያበጠርኩላት፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ እንደተቀመጠች፣ አንድ ነገር ነገረችኝ። ሰውየውን እናውቀዋለን። ቤታችን የሚገባ የሚወጣ ሰው ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ታሪኩ የእሷ ነው።

ለፖሊስ አመልክቻለሁ። መርማሪዋ "ልጅቷን እዚህ አታምጫት፤ ሐሙስ ጠዋት ጥቃት የደረሰባቸውን ልጆች ወደሚያግዘው ማዕከል ይዘሻት ነይ፣ እኛም እዚያው እንመጣለን" አለችኝ። ለምን እዚያ እንደሆነ አላስረዳችኝም። እኔም ደንግጬ ስለነበር አልጠየቅኩም።

ሌሊት ሌሊት የሚመላለስብኝ ይኼ ነው። ሲያነጋግሯት አብሬያት እገባለሁ? ሐኪም ያያታል? ካያትስ ያማታል? ወዴት እንደምንሄድ ምን ብዬ ልንገራት?

ከሁሉ የባሰብኝ ግን ሌላ ነው። ስትነግረኝ ምንም አላልኳትም። ማበጠሪያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እሷም ትንሽ ጠብቃ ተነሥታ ሄደች። እስከ ዛሬ አላነሣነውም።

የጓዳ_እህት (ሰኞ ማታ)

አይዞሽ እህቴ። የዛሬ 4 ዓመት እኔም አንቺ ያለሽበት ቦታ ነበርኩ። የእኔ ወንድ ልጅ ነው። መጨረሻ ላይ ከጻፍሽው ልጀምር፤ እሱ ሐሙስን አይጠብቅም።

ካልተኛች ዛሬውኑ፣ ከተኛች ነገ ጠዋት አጠገቧ ቁጭ በይ። "ያን ቀን ዝም ያልኩት ደንግጬ ነው። አምንሻለሁ። ስለነገርሽኝ ጥሩ አድርገሻል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" በያት። በቃ፣ ይኼው ነው። "ለምን ቶሎ አልነገርሽኝም?" እንዳትያት። እኔ ብዬ ነበር። የልጄ ፊት እንዴት እንደተለዋወጠ አሁንም ይታየኛል። ልጅ ይህን ሲሰማ "ጥፋተኛው እኔ ነኝ" ብሎ ነው የሚረዳው።

ዝርዝሩንም አትጠይቂያት። ራሷ ካወራችሽ ስሚያት። ያለችውን ቃል በቃል፣ ሳታሳምሪ፣ ከነቀኑ ወረቀት ላይ አስፍሪው። ሰውየው ጋ አትደውይ፤ እሱን ለመርማሪዋ ተዪው።

ወዴት እንደምንሄድ ስነግረው እኔ እንዲህ ነበር ያልኩት፦ "ነገ ልጆችን ማዳመጥ ሥራዋ የሆነ ሰው ጋ እንሄዳለን። የፈለግኸውን ልትነግራት ትችላለህ። እኔ እዚያው ሆኜ እጠብቅሃለሁ።" "እንዲህ ብለህ ተናገር" ማለት የለም። "በደንብ ከተናገርክ የምትፈልገውን እገዛልሃለሁ" ማለትም የለም። እንዲህ ያለ ቃል ኋላ ላይ ልጁ ተጠንቶለት የመጣ ያስመስለዋል።

ቦታው እንዳያስፈራሽ። ስገባ በር ላይ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው እጠብቅ ነበር። ትንንሽ ወንበሮች፣ መጻሕፍትና መጫወቻ ያለበት ሳሎን ነው ያገኘሁት። ገና ሳልቀመጥ አንዲት ሴት መጥታ "እኔ የእናንተ ነኝ" አለችኝ። የቤተሰብ ደጋፊ ይሏታል። ያን ቀን ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ስልኳን ያላነሣችበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ጆሮ_ሰጪ (ማክሰኞ ጠዋት)

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ እንዲህ ባለ ማዕከል ውስጥ ልጆችን ማነጋገር ነው፤ 11 ዓመት ሆኖኛል። የየቦታው አሠራር ትንሽ ትንሽ ይለያያል። መሠረቱ ግን አንድ ነው፤ ልጁ ባለሙያዎቹን ፍለጋ መዞሩ ይቀርና ባለሙያዎቹ ልጁ ወዳለበት ይመጣሉ። መርማሪ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የልጆች ጥበቃ ሠራተኛ፣ ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የቤተሰብ ደጋፊ ሁሉም እንደ አንድ ቡድን ይሠራሉ። ማዕከሉ ራሱ አያስርም፣ አይከስም፣ አይፈርድም።

እናት ትገባለች ወይ ላልሽው፣ አትገቢም። ይህን ስነግራቸው ብዙ እናቶች ይከፋቸዋል። ምክንያቱ አንቺን አለማመን አይደለም። ልጆች ወላጃቸውን ይጠብቃሉ። የእናታቸው ዓይን እንባ ሲያቀርር ካዩ ወሬያቸውን ያሳጥራሉ፣ የከበደውን ይዘሉታል። አንዲት ልጅ "እማዬ እንዳታለቅስ ብዬ ነው ግማሹን ያስቀረሁት" ብላኛለች። ሰባት ዓመቷ ነበር።

ክፍሉ ትንሽ ነው። ሁለት ወንበር፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ወረቀትና ባለቀለም እስክሪብቶ። ካሜራ አለ፤ እንዳለም ለልጁ እንነግረዋለን። መርማሪዋና ሌሎቹ በሌላ ክፍል ሆነው በስክሪን ይከታተላሉ። የሚጨምሩት ጥያቄ ካላቸው በጆሮ ማዳመጫ ይነግሩኛል፤ ወይም ትንሽ ዕረፍት ወስጄ ወጥቼ እጠይቃቸዋለሁ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሰሙ ማለት ነው። ቅጂው ስላለም "እስቲ እንደገና ንገሪን" የሚባለው ነገር ይቀራል። አንዳንድ ልጅ በአንድ ቀን አይወጣለትም፤ ያኔ ሌላ ቀን እንቀጥራለን፣ የሚያነጋግረው ግን ያው ሰው ነው።

ወደ ጉዳዩ ዘለን አንገባም። መጀመሪያ ደንቦቹን እነግራታለሁ። "የማታውቂውን 'አላውቅም' በይ። ጥያቄዬ ካልገባሽ 'አልገባኝም' በይ። ከተሳሳትኩ አርሚኝ።" ከዚያ እፈትናታለሁ፤ "ውሻዬ ስሙ ማን ነው?" እላለሁ። "አላውቅም" ካለች "ጎበዝ፣ እንዲህ ነው" እላታለሁ። ለአዋቂ ሰው "ተሳስተሃል" ወይም "አላውቅም" ማለት እንደሚቻል ብዙ ልጅ አያውቅም። እዚያች ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚማረው አለ።

ቀጥሎ የምትወደውን ነገር እናወራለን። "የልደትሽን ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንገሪኝ" እላለሁ። ይህ ለወሬ ብቻ አይደለም። በራሷ አንደበት ዘርዝሮ ማውራትን ትለማመዳለች፣ እኔም አነጋገሯን አውቃለሁ። ከዚያ ነው "ዛሬ እዚህ ለምን እንደመጣሽ ንገሪኝ" የምለው።

"እዚህ ጋ ነክቶሻል?" ብዬ አልጀምርም። "ከዚያስ?"፣ "ስለዚያ ይበልጥ ንገሪኝ" እላለሁ። የቀረውን ጊዜ ዝም እላለሁ። ከሥራዬ ሁሉ ለመማር የከበደኝ ዝም ማለት ነው።

ሰባት_ጊዜ (ማክሰኞ ቀትር)

ስሜን ለምን እንዲህ እንዳልኩት ዛሬ ልጻፈው። እዚህ መድረክ ላይ ከገባሁ ጀምሮ ጽፌው አላውቅም።

11 ዓመቴ ነበር። እኛ የነበርንበት ቦታ እንዲህ ያለ ማዕከል አልነበረም። መጀመሪያ ለአስተማሪዬ ነገርኳት። እሷ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ወሰደችኝ፣ ድገመው ተባልኩ። ከዚያ ጣቢያ፣ መዝጋቢው ፊት። ሰው ይገባል ይወጣል፣ አንዱ ስለ ጠፋበት ስልክ ያመለክታል፣ እኔ ያን እናገራለሁ። ጠረጴዛው ላይ ማኅተም ነበረ። ዓይኔን እሱ ላይ ተክዬ ነው የጨረስኩት፤ ዛሬም ክብ ማኅተም ሳይ ሆዴ ይገለባበጣል። ከዚያ ለሌላ መርማሪ። ከዚያ ለሐኪም። ከዚያ ለዐቃቤ ሕግ። ከዓመት በኋላ ችሎት።

ልብ በሉ፣ ከአምስተኛው በኋላ ማሳጠር ጀመርኩ። ደክሞኝ ነው። ደግሞ አንድ ነገር እየደጋገሙ ሲጠይቁህ "የመጀመሪያው መልሴ ስህተት ነበር ማለት ነው" ትላለህ፣ ልጅ ነህ። ስለዚህ እየቀየርኩ መለስኩ። ችሎት ላይ የተከሳሹ ጠበቃ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ "እዚህ እንዲህ ብለሃል፣ እዚያ እንዲያ ብለሃል፣ የቱ ነው ውሸቱ?" አለኝ። ሰውየው በነፃ ሄደ።

ማለዳ እናት፣ መርማሪዋ "እዚህ አታምጫት" ስላለችሽ እግዚአብሔር ይስጣት።

ማለዳ_እናት (ማክሰኞ ማታ)

ወንድሜ፣ አንብቤ አለቀስኩ። ስለነገርከን አመሰግንሃለሁ።

የጓዳ እህት፣ ትናንትና ተኝታ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት አልኳት። ልክ እንደጻፍሽልኝ። መልስ አልሰጠችኝም። ካልሲዋን እያጠለቀች ነበር፤ አንዱን እግር ጨርሳ ሌላውን ሳታጠልቅ መጥታ ጭኔ ላይ ተቀመጠች።

ሕግ_አንባቢ (ማክሰኞ ማታ)

ሰባት ጊዜ፣ ያንተ ታሪክ በብዙ አገር የደረሰ ነው። ማዕከላቱም የተፈጠሩት ከዚያ ነው። የመጀመሪያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 በአሜሪካ፣ አላባማ ግዛት፣ ሀንትስቪል ከተማ ተከፈተ። የአካባቢው ዐቃቤ ሕግ የነበረው ሮበርት "በድ" ክሬመር ልጆቹ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱና ክሱም በዚያው ሲበላሽ አይቶ ነው ሐሳቡን ያመጣው፤ ኋላ የኮንግረስ አባል ሆኗል። ዛሬ በአሜሪካ ብቻ ከ900 በላይ እንዲህ ያሉ ማዕከላት አሉ።

አይስላንድ በ1998 የራሷን ከፈተች። "ባርናሁስ" ይሉታል፣ የልጆች ቤት እንደማለት። ከአሜሪካው በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል። በአይስላንድ ልጁ ማዕከሉ ውስጥ ሲናገር ዳኛና የተከሳሽ ጠበቃ ከሌላ ክፍል ይከታተላሉ፤ ጥያቄ ካላቸው በአነጋጋሪው በኩል ይጠይቃሉ። ቅጂው ራሱ ምስክርነት ሆኖ ስለሚያዝ ልጁ ችሎት አይቀርብም። ሐሳቡ ወደ ስዊድን፣ ኖርዌይና ዴንማርክ ተሻግሯል። በአሜሪካ ግን ተከሳሽ የሚመሰክርበትን ሰው ፊት ለፊት የመጠየቅ ሕገ መንግሥታዊ መብት ስላለው፣ ጉዳዩ እስከ ክርክር ከሄደ ልጁ ብዙ ጊዜ ራሱ ቀርቦ መመስከር ይኖርበታል። ያኔ የማዕከሉ ደጋፊ አብራው ትሄዳለች። ቀደም ብላ ባዶውን ችሎት ታሳየዋለች፣ ዳኛው የት እንደሚቀመጥ፣ እሱ የት እንደሚቀመጥ። ማለዳ እናት፣ አንቺ ያለሽበት ቦታ የትኛው እንደሆነ ሐሙስ ዐቃቤ ሕጉን ጠይቂው። መብትሽ ነው።

እውነት_ፈላጊ (ረቡዕ ጠዋት)

በመጀመሪያ እህታችንን አይዞሽ እላለሁ፤ ጥያቄዬ እሷንም ልጇንም አይመለከትም። ነገር ግን ሁሉም ሰው ልጁን ብቻ እየደገፈ ያለ ማዕከል ውስጥ፣ ያላጠፋ ሰው ቢከሰስስ? ልጅ ደግሞ ያሉትን ይላል። ይህን የምጠይቀው ከልቤ ነው።

ጆሮ_ሰጪ (ረቡዕ ጠዋት)

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። እኛም የሠለጠንነው በዚሁ ጥያቄ ነው።

በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በመዋዕለ ሕፃናት ሠራተኞች ላይ የተነሡ ትልልቅ ክሶች ነበሩ። ከሁሉ የታወቀው ካሊፎርኒያ ውስጥ የነበረው የማክማርቲን ጉዳይ ነው። በ1983 ተጀምሮ በ1990 አንድም ሰው ሳይፈረድበት ተዘጋ። የልጆቹ ቃለ ምልልስ ቅጂዎች ሲታዩ ጠያቂዎቹ መልሱን ራሳቸው እየመገቡ ነበር። "ሌሎቹ ልጆች ነግረውናል፣ አንተስ?" ዓይነት። የፈለጉትን ሲሰሙ ያሞግሳሉ፣ "የለም" ያለውን ልጅ ደግመው ይጠይቁታል። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች ልጆች እንዴት እንደሚያስታውሱና ጥያቄ እንዴት እንደሚያሳስታቸው በሰፊው አጠኑ። ዛሬ የምንከተለው አጠያየቅ ከዚያ የወጣ ነው።

ስለዚህ ወደ ክፍሉ የምገባው "አዎ" ለማስባል አይደለም። ምንም አልደረሰም የሚል ቃል ሰጥቶ የሚወጣ ልጅ አለ፤ እሱም መልስ ነው፣ ይመዘገባል። ቪዲዮው ያንተን ያላጠፋ ሰውም ይጠብቀዋል። ልጁን ማን ምን ብሎ እንደጠየቀው፣ ልጁ ምን እንዳለ፣ ጠበቃውም ዳኛውም በዓይኑ ያያል። እንደ ድሮው መርማሪው ጨምቆ የጻፈው ወረቀት አይደለም።

እውነት_ፈላጊ (ረቡዕ ጠዋት)

ይህን አላውቅም ነበር። ተቀብያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ነጭ_ጋውን (ረቡዕ ቀትር)

የሕፃናት ሐኪም ነኝ፤ ሐኪም ያያታል ወይ ለተባለው ልመልስ።

ጊዜው ወሳኝ ነው። ጥቃቱ በደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ሐሙስን መጠበቅ አያስፈልግም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መድረስ ነው። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ከሰውነት የሚሰበሰብ ማስረጃም በሰዓታት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። የለበሰችውን ልብስ አለማጠብ፣ በወረቀት ከረጢት ማስቀመጥ። እህቴ፣ የአንቺ ጊዜው ያለፈ ይመስለኛል፤ ግን ይህን ክር ነገ ሌላ እናት ልታነበው ትችላለች።

ጊዜው ካለፈም ምርመራው ይጠቅማል። አብዛኛው ምርመራ ማየት ብቻ ነው። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አያታለሁ፤ ጆሮዋንና ጉሮሮዋን አያለሁ፣ ልቧን አዳምጣለሁ፣ የተደበቀ ቦታዋን የማየው በመጨረሻ ነው። የምንጠቀመው መሣሪያ መብራትና አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር ያለው ነው፤ ሰውነቷን አይነካትም። ያልደረሰች ልጅ ላይ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ በተለመደው ምርመራ አንጠቀምም። እዚህ አንቺ አብረሻት መግባት ትችያለሽ። "አቁሚ" ካለች አቆማለሁ። ይህን ቀድሜ እነግራታለሁ፣ ደግሞም አደርገዋለሁ። አንድ ጊዜ አልፈቅድም ያለችን ልጅ ሰውነት በግድ የሚያይ ሐኪም መኖር የለበትም።

አሁን አጥብቄ የምነግርሽ ይኼ ነው። ውጤቱ "ምንም አይታይም" ሊል ይችላል። ይህን ሰምተሽ እንዳትወላውዪ። አብዛኞቹ ልጆች ላይ ምልክት አይገኝም። ብዙው ጥቃት ምልክት አይተውም፣ የተወውም በቀናት ይድናል። በ2004 የታተመ አንድ ጥናት እርጉዝ የሆኑ 36 ታዳጊ ልጆችን ምርመራ አየ፤ ቁርጥ ያለ ምልክት የተገኘው በ2ቱ ብቻ ነበር። እርጉዝ ናቸው እኮ! ዘመዶች ወረቀቱን ይዘው "ሐኪሙ ምንም የለም ብሏል" ይላሉ። ሐኪሙ እንደዚያ አላለም። "ምልክት የለም" ነው ያለው።

ታዲያ ለምን ትታያለች? አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ምርመራውን ከጨረስን በኋላ ጫማዋን እያሰረች፣ ቀና ሳትል፣ "ሰው ሲያየኝ ያስታውቃል?" አለችኝ። ለካ ወራት ሙሉ ይህን ነው ተሸክማ የምትዞረው። "ማንም አያውቅም። ሰውነትሽ ደህና ነው፣ እንደማንኛዋም ልጅ ነው" አልኳት። ማሰሪያውን ትታ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ይህን ሳይጠይቁኝም ለእያንዳንዷ እነግራታለሁ።

ማለዳ_እናት (ረቡዕ ማታ)

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እርስዎ የጻፉትን ሦስቴ አነበብኩት።

ዛሬ ከባድ ቀን ነበር። የባለቤቴ ወገኖች ሰምተዋል። ትልቋ እህቱ ደውላ "ገመናችንን አደባባይ አታውጪ፤ በቤተሰብ ተነጋግረን እንጨርሰዋለን፤ ልጅቷም ነገ ትረሳዋለች" አለችኝ። ነገ ወደ ቤት እንምጣ፣ እሷንም እናናግራት እያሉ ነው። ባለቤቴ መሐል ላይ ሆኖ ዝም ብሏል። ሐሙስን ላስተላልፈው ይሆን እንዴ አልኩ።

የጓዳ_እህት (ረቡዕ ማታ)

አታስተላልፊ! ይቅርታ ጮህኩብሽ።

እነሱ ፈርተው ነው፣ ይገባኛል። የእኔም ወገኖች ፈርተው ነበር። ግን ልጅቷን እንዲያናግሯት አትፍቀጂ፤ ማንም፣ አያቷም ብትሆን። በሩን ዝጊ። "ጉዳዩ በሕግ ተይዟል፣ እንዳናወራበት ተነግሮናል" በያቸው። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር በቃሌ ይዤው ነበር፣ ስልኩ በጠራ ቁጥር እሱን ብቻ እደግማለሁ።

ለባለቤትሽ ደግሞ ጊዜ ስጪው፣ ነገ ግን ይዘሽው ሂጂ። የእኔው የልጁን ቃል እየሰማ "እንዴት ሳላየው?" እያለ ራሱን ነበር የሚበላው። ዝምታው እምነት ማጣት መስሎኝ ተጣልተናል። ደጋፊዋ ናት ለየብቻ ያናገረችን። አባቶችም የሚታዩበት ቦታ ነው።

ጆሮ_ሰጪ (ረቡዕ ማታ)

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ብዙ ጊዜ የምናየው ስለሆነ ነው። ልጆች አንዴ ከተናገሩ በኋላ "ዋሽቼ ነው" ብለው ቃላቸውን የሚያጥፉበት ጊዜ አለ። በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ወደ ፍርድ ቤት የደረሱ 257 የፆታ ጥቃት ጉዳዮችን ፈትሾ፣ 23 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ልጆች በሆነ ጊዜ ቃላቸውን እንዳጠፉ አገኘ። እነማን ናቸው? ትንንሾቹ፣ አጥፊው የወላጅ ቦታ ያለው ሰው የሆነባቸው፣ ሌላው አሳዳጊ ደግሞ ከጎናቸው ያልቆመላቸው። ልጅቷ የቤቱን ለቅሶ ትሰማለች፣ አክስቷ ስትጮህ ትሰማለች፣ "እኔ ነኝ ያመጣሁት" ትላለች። ከዚያ ቤቱ እንዲረጋጋ ቃሏን ትውጠዋለች።

በማዕከሉ የምንሠራው ግማሹ ሥራ ስለዚህ ከወላጅ ጋር ነው። የቤተሰብ ደጋፊ ነገ ምን ምን እንደሚያስፈልግሽ ትጠይቅሻለች። የምትኖሩበት ቤት ከሰውየው ጋር የተያያዘ ከሆነ የት ትሆናላችሁ? ከሥራ ፈቃድ እንዴት ታገኛለሽ? ትምህርት ቤቷ ምን ይነገረው፣ ምን አይነገረው? የቤተሰቡን ግፊት ንገሪያት፣ አትፈሪ። ቡድኑ ማወቅ አለበት። ሰውየው ልጅቷ ጋ እንዳይቀርብ መርማሪዋና ዐቃቤ ሕጉ ሊጠይቁ የሚችሉት ትእዛዝ አለ።

ማለዳ_እናት (ሐሙስ ማታ)

ሄድን። ባለቤቴም መጣ።

ልጻፈው እንጂ፤ እናንተ ናችሁ ያደረሳችሁኝ። እንደተባለው ሳሎን የሚመስል ቦታ ነው። ልጄ መጀመሪያ እጄን አልለቀቀችም። የምታነጋግራት ሴት መጥታ ተንበርክካ ስሟን ነገረቻት፣ "ክፍሉን ላሳይሽና ተመልሰሽ እናትሽን ታያለሽ" አለቻት። ሄዳ አይታ መጣች። "ካሜራው ግድግዳው ላይ ነው፣ ትንሽ ነው" ብላ ነገረችኝ። ከዚያ ራሷ ተነሥታ ገባች።

50 ደቂቃ ቆየች። ያችን 50 ደቂቃ እንዴት እንዳሳለፍኳት አላውቅም። ደጋፊዋ አጠገቤ ነበረች። ዝም ባልኩ ጊዜ ዝም ትላለች፣ ስጠይቃት ትመልሳለች። ባለቤቴን ሌላ ሰው ወሰደው፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ከሳምንት ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ልጄ ወጣችና "ጨረስኩ" አለች። ምን እንዳለች አልጠየቅኳትም። መጠየቅ ፈልጌ ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ ነው የመለስኩት። ሐኪሟም አየቻት። እጇን ይዤ ነበር። አንዴ "ቆይ" አለች፣ ሐኪሟ ወዲያው እጇን አነሣች፤ ልጄ ዞራ አየችኝ፣ እውነትም ቆመች እንዴ የምትል ትመስላለች። ከዚያ "እሺ ቀጥይ" አለች።

ስንወጣ መርማሪዋ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን አስረዳችን። ዛሬ ማታ ሳትጣራኝ ተኛች። ለማክሰኞ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ቀጠሮ ይዘውልናል። ምን ይሠሩላታል? እንደገና ልታወራው ነው?

ቀስ_በቀስ (ዓርብ ጠዋት)

እንዲህ ያሉ ልጆችን የማክም የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ትናንት ያደረግሽውን ስንቱ ሰው አቅቶት ይመለሳል።

የሕክምናው ክፍል ከትናንቱ ይለያል። ትናንት የተጠየቀችው ምን እንደሆነ ለማወቅ ነው። እኛ ጋ የምትመጣው እንዲቀላት ነው። በብዙ ጥናት የተፈተነ አንድ የሕክምና ዓይነት አለ፤ ከ3 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 25 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። ወላጅም ለብቻው ጊዜ አለው፣ አንዳንዱን ክፍለ ጊዜ ደግሞ አብራችሁ ትቀመጣላችሁ።

ታሪኩን የምናነሣው በመጀመሪያው ቀን አይደለም። መጀመሪያ ሰውነቷን ማረጋጋት ትማራለች። ሆዷን እንደ ፊኛ እየነፋች መተንፈስ፣ ጡንቻዋን አጥብቃ መልቀቅ። ስሜቷን በስሙ መጥራት ትለማመዳለች፤ "አሞኛል" የምትለው አንዳንዴ ፍርሃት ነው፣ አንዳንዴ ንዴት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ በምትችለው ልክ፣ በሥዕልም በጽሑፍም የራሷን ታሪክ ትሠራለች። በውስጡ "ጥፋቱ የእኔ ነው" የሚል ሐሳብ ሲገኝ አብረን እናየዋለን። ዝግጁ ስትሆን ለአንቺ ታነብልሻለች። አንቺ ቀድመሽ ከእኔ ጋር ትለማመጃለሽ፣ ያን ቀን ደርቀሽ እንዳትቀሪ።

እስከዚያው ቅዠት፣ አልጋ ማርጠብ፣ ያለምክንያት መቆጣት ቢመጣ አትደንግጪ። ቤት ውስጥ የነበረው ሥርዓት ይቀጥል። የመኝታ ሰዓት ያው፣ የቤት ሥራም ያው። አሳዝናሽ ሕግን ሁሉ ብታነሽላት፣ ዓለም በእርግጥ ተናግቷል ብላ ትፈራለች።

ሰባት_ጊዜ (ዓርብ ቀትር)

ለእኔ እንዲህ የሚያክመኝ ሰው የተገኘው 34 ዓመቴ ላይ ነው። ያውም ይኼው ሕክምና ለትልልቆች በሚሰጠው መልኩ። ጠቅሞኛል። አንቺ በሳምንትሽ አገኘሽላት።

ማለዳ_እናት (ቅዳሜ ማታ)

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ታላቅ ወንድሟ 13 ዓመቱ ነው። ምንም አልነገርነውም፤ ግን ያውቃል። ዛሬ ኩሽና መጥቶ "እኔ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ጌም እየተጫወትኩ ነበር እንዴ ያኔ?" አለኝ። መልስ አጣሁለት።

የጓዳ_እህት (ቅዳሜ ማታ)

የእኔም ታላቅየው ይህንኑ ነበር የጠየቀኝ፤ በሌላ አነጋገር። ዝርዝሩን አትንገሪው፣ እሱ የእህቱ ነው። "ጥፋቱ ያንተም የእሷም አይደለም፣ የሠራው ሰው ነው፤ አንተ ማወቅ አትችልም ነበር" በይው፣ ዛሬውኑ። ከዚያ ሰኞ ደጋፊዋን ጥሪያት። ለወንድም ለእህትም የሚያናግር ባለሙያ አላቸው። የእኔን ልጅ ስድስት ጊዜ አይተውልኛል። ማክሰኞ ስትሄጂ እሱንም ይዘሽው መሄድ ትችይ እንደሆነ ጠይቂያት።

ማለዳ_እናት (ቅዳሜ ማታ)

ክፍሉ መብራት አልጠፋም። አሁን እሄዳለሁ። ሰኞ ጠዋት እደውላለሁ።